ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፦ ከባዱ ዲፕሎማና የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ



በዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ወደ አዊ ምድር ይዟችሁ ይጓዛል። የምንጓዘው ግን አገር ለማየት ብቻ አይደለም። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ የጋራ ጭንቀት አለው፤ ልጃችን ፈተናውን ያልፍ ይሆን? የሚል። እኛም ይህንኑ ጭንቀት ይዘን፣ በሌላው ዓለም በአንዳንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የሚሰጠውን ከባዱን ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ ከእኛው ፈተና አጠገብ አስቀምጠን እናያለን። ዓላማችን የሰው አገር ትምህርት ለማወደስና የራሳችንን ለማጣጣል እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም ትምህርትን ጠንካራ የሚያደርገው የፈተናው መክበድ ነው ወይስ ከፈተናው በፊት ያለው ዝግጅት? የሚለው ነው።

መንገዱና ሁለቱ ከተሞች

እኛ ይህን መንገድ የምናውቀው ሰላም በነበረበት ጊዜ ተመላልሰንበት ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የአስፋልት መንገድ መራዊን፣ ወተት ዓባይንና ዱርቤቴን ካለፉ በኋላ፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ሲጓዙ ዳንግላ ይገኛል። ዳንግላ የገበያ ከተማ ነው። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው እህል፣ ከብትና ቅቤ መንገዱን ይሞላዋል፤ ጋሪና ባጃጅ እየተሻሙ ያልፋሉ።

ዳንግላ በውጭ ጸሐፊዎችም ዘንድ ያልታወቀ ስፍራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ሮበርት ቺስማን መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ይህ ሰው ከዚያ እየተነሳ ጣናንና ዓባይን በእግርና በበቅሎ እየዞረ ለካ፣ ካርታ አነሳ፤ ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። ሰውየው የመጣው ለመንግሥቱ ጥቅም እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ዳንግላ ተቀምጦ ዙሪያውን መጠየቅ፣ መለካትና መጻፍ እንደሚቻል አሳይቶ ሄዷል። ይህን ነገር ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ከዳንግላ ወደ ደቡብ አዲስ ቅዳምን አልፎ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ፣ ቀደም ሲል ኮሶበር ትባል የነበረችው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ ድንችና ገብስ የአካባቢው መታወቂያ ናቸው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ዘንገና የሚባለው ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ጠቁሮ ይታያል። በፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በእርሻው ላይ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል እያደረገ ይሸጣል።

የአዊ ሕዝብ ራሱን የሰባት ወንድማማቾች ዘር አድርጎ ያወሳል፤ ቋንቋውም አዊኛ ነው። ፈረስ በአዊ ዘንድ ክብር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያደርገው በዓል ከሩቅ ሰው ይጠራል።

የጥር 2015 ሰሞን

እኛም በእንጅባራ የነበርነው በዚያው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። ከተማዋ ለፈረሰኞቹ በዓል ስትሰናዳ፣ በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ከባድ ወሬ መጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ጨርሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰብስበው የተፈተኑት ተማሪዎች ውጤት ተነገረ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ896,000 በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቁጥር ከ30,000 ያነሱ ማለት ነው። ከ1,100 የሚበልጡ ት/ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

በሻይ ቤቱ፣ በሱቁ፣ ከመስጊድ መልስ በመንገዱ ላይ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ልጁ ከወደቀበት ይልቅ የጎረቤቱ ልጅ የወደቀበት አባት ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ አየን። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍሏ ደረጃ ሳትወጣ ኖራ እንዴት በአራት ቀን ፈተና ምንም እንዳላወቀች ሆና ተገኘች? እያሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍም የእርሳቸው ጥያቄ ያስነሳው ነው።

ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻል ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና የሚበልጠው አሁንም ከመስመሩ በታች ነው።

ከባዱ ዲፕሎማ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ ከተማ ተቋቋመ። መጀመሪያ የታሰበው ከአገር አገር ለሚዘዋወሩ የዲፕሎማቶችና የድርጅት ሠራተኞች ልጆች ነበር፤ ልጁ አገር በቀየረ ቁጥር ትምህርቱ እንዳይበላሽበት በየትኛውም አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው አንድ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል በሚል ሐሳብ። ዛሬ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የድርጅቱን ትምህርት የሚሰጡ ት/ቤቶች አሉ።

ዲፕሎማው የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 11ኛና 12ኛ ክፍል ማለት ነው። ተማሪው ስድስት የትምህርት ዓይነቶችን ይወስዳል፤ የራሱን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ፣ ሌላ ቋንቋ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ እንዲሁም ኪነ ጥበብ ወይም በምትኩ ሌላ ተጨማሪ ትምህርት። ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን በከፍተኛ ደረጃ ይማራል፤ ለእያንዳንዱ ከፍተኛ ትምህርት 240 ሰዓት ይመደባል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታረማል። ጠቅላላው ነጥብ 45 ሲሆን ዲፕሎማውን ለማግኘት በትንሹ 24 ነጥብና ሌሎች ተጓዳኝ ሁኔታዎችን ማሟላት ያስፈልጋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ሌላ ፈተና እንጂ ሌላ ትምህርት አይባልም ነበር። ልዩ የሚያደርጉት የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ተማሪው ራሱ በመረጠው አንድ ጥያቄ ላይ መርምሮ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ ጥናታዊ ጽሑፍ ማቅረቡ ነው። ሁለተኛው፣ “ያወቅነውን ነገር እንዴት አወቅነው?” የሚለውን ጥያቄ የሚያስተምር የትምህርት ክፍለ ጊዜ መኖሩ ነው። ሦስተኛው፣ ከክፍል ውጭ በፈጠራ፣ በአካል እንቅስቃሴና ለሰው በሚጠቅም አገልግሎት ላይ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል መሳተፍ ግዴታ መሆኑ ነው። አንዱን አጓድሎ ሌላውን በማብዛት ዲፕሎማው አይገኝም።

በአገራችን ይህን ትምህርት የምናገኘው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በክፍያ በሚያስተምሩ ዓለም አቀፍ ት/ቤቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው ኢንተርናሽናል ኮሙኒቲ ስኩል ነው። ክፍያው በዓመት በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ ለዳንግላ ነጋዴም ሆነ ለእንጅባራ የመንግሥት ሠራተኛ የሚታሰብ አይደለም።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ አገር ዲፕሎማውን ከሚያስተምሩት አብዛኞቹ የመንግሥት ት/ቤቶች ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ አርሊንግተን ያለው ዋሽንግተን-ሊበርቲና በሜሪላንድ ሮክቪል ያለው ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ይህን ዲፕሎማ ከሚሰጡት መካከል ናቸው። እንግዲህ የታክሲ ሾፌር ልጅና የባለ ሥልጣን ልጅ ያለ ትምህርት ቤት ክፍያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህን ከባድ ትምህርት ሊማሩ ይችላሉ ማለት ነው። ሁሉም ይጨርሰዋል ማለት አይደለም። ብዙ ተማሪ ከስድስቱ ሁለት ሦስቱን ብቻ መርጦ ይወስዳል፤ ሥራው ሲከብደው ትቶ የሚወጣም አለ።

እኛስ ዘንድ ምን ነበር?

ዓለም አቀፍ ፈተና ለኢትዮጵያ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ያስቀምጥ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ተመርጠው የመጡ የገበሬና የነጋዴ ልጆች ለንደን ታርሞ የሚመለስ ወረቀት ይጽፉ ነበር። ኋላም አገራችን የራሷን የመልቀቂያ ፈተና አቋቋመች፤ በየዘመኑ ስሙና አወቃቀሩ ቢለዋወጥም ዛሬ ድረስ ዘልቋል።

ከዚያም በፊት ሌላ ዲፕሎማ ነበረን። የወሎ ደረሳ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተጓዘ፣ እየለመነና እያገለገለ፣ አንድን ኪታብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያቀራ ይኖራል። ሸኹም ልጁ ማንበቡን ብቻ ሳይሆን መረዳቱንና ለሌላው ማስረዳት መቻሉን በጆሮው ሰምቶ ሲያበቃ ኢጃዛ ይሰጠዋል። ኢጃዛ በአራት ቀን አይገኝም። የሚሰጠውም ልጁን ለዓመታት በሚያውቅ መምህር ነው። የዛሬው ዓለም “ጥናታዊ ጽሑፍ” እና “አገልግሎት” እያለ የሚያመጣው ነገር ከዚህ ከአሮጌው መንገድ ብዙም የራቀ ሆኖ አላገኘነውም።

ወንፊትና ወፍጮ

የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጥያቄዎቹ በሙሉ ምርጫ ናቸው፤ ተማሪው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ያጠቁራል ወይም በኮምፒዩተር ይጫናል። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ አንዲት አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወረቀት ለማረም ከዚህ የተሻለ መንገድ በቀላሉ እንደማይገኝ እናውቃለን። ቢሆንም ልዩነቱ መታወቅ አለበት።

ፈተና ወንፊት ነው። ወንፊት ዱቄቱን ከእንክርዳዱ ይለያል እንጂ እህል አይፈጭም። የሚፈጨው ወፍጮው ነው፤ ወፍጮውም መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ ቤተ ሙከራውና ቤተሰቡ ናቸው። ያንን ከባድ ዲፕሎማ በሚሰጡ ት/ቤቶች ወንፊቱ ጠባብ ነው፤ ወፍጮው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዞር ይከርማል። የእኛን ወንፊት በ2014 ዓ.ም. አጠበብነው። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፈተና መሰረቅና መኮራረጅ ልክ አጥቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ቀን መቆረጡን፣ አዲሱ ቀን ከዒድ አልፈጥር ጋር በመጋጨቱም በሙስሊሞች ጥያቄ ወደ ሐምሌ መዛወሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሐቀኛ ወንፊት አስፈላጊ ነው። ወፍጮው ግን አብሮ ካልተጠገነ ከታች የሚወርደው ዱቄት ትንሽ መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መጣ። በክልሉ ብዙ ት/ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ፤ ለፈተና መቀመጥ ያልቻሉም ብዙ ናቸው። የቆመ ወፍጮ ላይ ወንፊት ይዞ መጠበቅ ለማንም የሚበጅ አይደለም። አላህ ሰላሙን ያምጣልን።

የሴት ልጆቻችን ነገር

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱ በሙስሊም ቤተሰብ ላይ ሌላ ሐሳብ ጨምሯል። ልጃገረዷ ከቤት ወጥታ ለቀናት ከማታውቀው ስፍራ ታድራለች። ሶላቷን የት ትሰግዳለች? ሂጃቧን ይዛ ትገባለች ወይ? ማን ይጠብቃታል? እነዚህ የወላጅ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ በመልበሳቸው ለ12ኛ ክፍል ፈተና እንዳይመዘገቡ የተደረጉ ሴት ተማሪዎች ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ ሥጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው እንዲቆም ትእዛዝ መስጠቱ መብት በሕግ እንደሚጠየቅ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሥጋትን ልጅቷን ከትምህርት ማስቀሪያ አድርገን እንዳንይዘው። ወላጅ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ተፈታኞቹን በቡድን ማጓጓዝ፣ ከከተማው ሙስሊም ማኅበረሰብ ጋር መነጋገር ይችላል። ዛሬ በአዊ ምድር እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እየተቀበለ ነው። ለአንድ ትውልድ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ማለት አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ነበር። አሁን ግቢውን ሴት ልጅ ከሰፈሯ ወጥታ ልታየውና ልትለምደው ትችላለች።

ዲፕሎማው ባይኖርም

እንግዲህ ያ ዲፕሎማ ነገ ወደ ዳንግላ ይመጣል ብለን አንዋሽም። የምስክር ወረቀቱ በገንዘብ ይገዛ ይሆናል፤ ልማዱ ግን አይሸጥም። ስለዚህ ከልማዱ መካከል በአዊ ቤት ሊገባ የሚችለውን ለወላጆችና ለወጣቶች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ልጁ በክረምት አንድ ጥናት ይጻፍ። ጥያቄው ከደጁ ይነሳ። ዲከረንስ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበሽታ ተጎድቷል፤ ገበሬው በምትኩ ምን እየተከለ ነው? የዘንገና ውኃ በክረምትና በበጋ ስንት ክንድ ይለያያል? የዳንግላ ገበያ በሸማግሌዎች ትዝታ እንዴት ነበር? ሰው ይጠይቅ፣ ይለካ፣ አሥር ገጽ ይጻፍ። ቺስማን ከሩቅ አገር መጥቶ ያደረገውን የአገሩ ልጅ፣ ቋንቋውን እያወቀ፣ የማያደርግበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ከራት በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ልጁ ከስልኩ ያነበበውን ወሬ ሲናገር አባት ወይም እናት “እንዴት አወቅህ? ማን ነገረህ? ለነገረህስ ማን ነገረው?” ይበሉት። የሐዲስ ሊቃውንት የዘጋቢውን ሰንሰለት እንዴት እንደመረመሩ የሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ባዳ አይሆንበትም። ወሬ በበዛበት በዚህ ዘመን ደግሞ ከፈተናም በላይ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎት ይኑር። የ11ኛ ክፍል ልጅ የሰፈሩን የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ ያስጠና። የሚያስተምር ራሱ ይማራል። ት/ቤት በተዘጋበት ሰፈር ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር ብቸኛው ትምህርት ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ልጅ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ሳይለይ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ቋንቋን እንደ ሸክም አንቁጠረው። የአዊ ልጅ በአዊኛ ፊደል ይቆጥራል፣ በአማርኛ ያድጋል፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የሙስሊሙ ልጅ በዚህ ላይ ከመድረሳ ዐረብኛ ይጨምራል። ያ ዓለም አቀፍ ድርጅት በሁለት ቋንቋ ለበረታ ተማሪ ልዩ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ይሰጣል። የእኛ ልጅ አራት ይዞ ይመጣል። የሚጎድለው አራቱን አጠንክሮ የሚያስጽፈው ሰው ነው።

በመጨረሻ በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቻችን። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያን ዲፕሎማ የጨረሱ ልጆቻችሁ፣ የኢንተርኔት መስመር በሚገኝበት ጊዜ፣ የአንድ የዳንግላ ልጅ ጽሑፍ አንብበው እርማት መላክ ይችላሉ። ከሚላክ ገንዘብ ሁሉ ይህ ርካሹ ነው፤ ምናልባትም ረጅም ዕድሜ ያለው።

ውድ ወላጆች፣ ያ ሽማግሌ ነጋዴ ለጠየቁን ጥያቄ ሙሉ መልስ አለን አንልም። አንድ ነገር ግን እንላለን። ልጅቷ ምንም አላወቀችም ማለት አይደለም፤ ያወቀችውን የምታሳይበት መንገድና የሚያበረታ ዝግጅት አላገኘችም። የዘንድሮዎቹ እንዲያገኙ በየቤታችን የምናደርገው ከመንግሥት የምንጠብቀውን አይተካም፤ ነገር ግን እርሱ እስኪደርስ ድረስ ወፍጮው እንዳይቆም ያደርጋል።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዒልም፣ ለአገራችንም ሰላም ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ መንገድ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።